የንባብ ዕቅድ ለምታወጡ ወጣቶች፦ ከአንድ ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ

ውድ ልጆቼ፣

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ብዙዎቻችሁ «ዘንድሮ 50 መጻሕፍት አነባለሁ»፣ «እኔ ደግሞ 100» እያላችሁ ቃል ስትገቡና ጓደኞቻችሁን ለፉክክር ስትጠሩ አያለሁ። ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ ዕድሜዬን ቁጥር ስደምርና ሳስታርቅ የኖርኩ ሰው በመሆኔ፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲጠራ ስሰማ «ለመሆኑ የሚቆጠረው ምኑ ነው?» ማለቴ አይቀርም።

ይህን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። በወጣትነቴ በዓመት ማን ብዙ መጽሐፍ እንደሚያነብ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተወራርደን ነበር፤ ተሸናፊው ምሳ ሊጋብዝ። እስከ ጥር ድረስ በደኅና ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ግን መጽሐፍ የምመርጠው በይዘቱ ሳይሆን በውፍረቱ ሆነ፤ ከአዟሪዎች እጅ ቀጭን ቀጭኑን እየለቀምኩ፣ የመጨረሻውን ገጽ ገና ሳልዘጋ የሚቀጥለውን ርእስ ደብተሬ ላይ እጽፍ ጀመር። ውርርዱን አሸነፍኩ፣ ምሳውንም በላሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁትን መጽሐፍ ይዤ ቤት ስገባ፣ ያው መጽሐፍ ኅዳጉ ላይ የገዛ እጄ ጽሑፍ ሰፍሮበት መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ደብተሬን ባየው ተራ ቁጥር 31 ሆኖ ተመዝግቧል። መዝገቡ ትክክል ነበር፤ እኔ ጋ ግን አንድም ነገር አልነበረም።

ያን ቀን ትዝ ያሉኝ አያቴ ናቸው። አያቴ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። እንደምታውቁት 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ የተከፈለ ሲሆን አንዱ ንጉሥ ዐሥር መዝሙር ይይዛል፤ እርሳቸውም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በአንዳንዱ ቀን ሦስት፣ በአንዳንዱ ቀን ሁለት ንጉሥ እየደገሙ ሳምንቱን ይዘልቁት ነበር። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ቁርኣን በ30 ጁዝ (ክፍል) የተከፈለ በመሆኑ በረመዳን በየቀኑ አንድ ጁዝ እያነበቡ ወሩ ሲያልቅ ያኸትሙ (ይጨርሱ) ነበር። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም «ስንት መጽሐፍ ጨረስክ?» ተብለው ሲጠየቁ አልሰማሁም። የሚያውቁት የዛሬውን ድርሻቸውን ነው። የሃይማኖት ንባብና የልብ ወለድ ንባብ አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን እኛ ከሌላ ሀገር የመጣ የሚመስለን የንባብ ዕቅድ በየቤታችን የኖረ መሆኑንና የተቆረጠውም በመጽሐፍ ብዛት ሳይሆን በቀን ድርሻ መሆኑን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በቀን ዐሥር ገጽ ያዙ። ዓመቱ 365 ቀን ነው፤ ነገር ግን በጀት ሲያዝ መጠባበቂያ እንደሚተው ሁሉ ለልቅሶው፣ ለሠርጉ፣ ለፈተናው፣ ለሕመሙና ለስንፍናውም (ስንፍና የሌለበት ዕቅድ አይቼ አላውቅም) 65 ቀን ተዉ። በቀሪው 300 ቀን 3,000 ገጽ ታነባላችሁ፤ ይህም 300 ገጽ ያላቸው ዐሥር መጻሕፍት ማለት ነው። መቶ ለሚል ጓደኛ ዐሥር ብሎ መመለስ ያሳፍር ይሆናል፤ ሆኖም ከሃያ ዓመቱ እስከ ስድሳ ዓመቱ በዚህ አካሄድ የዘለቀ ሰው 400 መጻሕፍት አንብቧል፤ እኔም በሠራሁባቸው ቢሮዎች ሁሉ ይህን ያህል ያነበበ ሰው ያገኘሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ዐሥር ገጽ የሚያስፈራ መጽሐፍንም ያቀልላል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ውሰዱ። ከ500 ገጽ በላይ በመሆኑ ብዙ ሰው ውፍረቱን አይቶ ይመልሰዋል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን የሰማ ደግሞ አንብቤዋለሁ ብሎ ያምናል። ያንን ድምፅ መስማት ትልቅ ዕድል ነው፤ ነገር ግን ሰሚው ተራኪው በሄደበት ፍጥነት ይሄዳል እንጂ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ሊመለስ አይችልም። በቀን ዐሥር ገጽ ያለ ሰው ግን ይህን መጽሐፍ በሁለት ወር ገደማ እየቆመም እየተመለሰም ይጨርሰዋል። ለእኔ የንባብ ፉክክር ማለት ይህ ነው፤ በዓመት አንድ የሚከብዳችሁን መጽሐፍ መርጣችሁ መግጠም። ለአንዱ ወፍራም ልብ ወለድ፣ ለሌላው ከሙያው ውጭ የሆነ የታሪክ ወይም የሳይንስ መጽሐፍ፣ ለሌላው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

የዘለላችሁትን ቀን ዕዳ አድርጋችሁ አትሸከሙ። ሦስት ቀን ቢያልፋችሁ በአራተኛው ቀን የምታነቡት ዐሥር ገጽ ነው እንጂ አርባ አይደለም፤ አርባ ያለ ሰው በአምስተኛው ቀን ሃምሳ ይጠብቀዋልና መጽሐፉን ደብቆ ይቀመጣል። የሥራችሁንም ወቅት እወቁ። እኛ የመንግሥት ሒሳብ ሠራተኞች ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ እንቅልፍ እንኳ ስለማይኖረን፣ ክረምት ለንባብ የተመቸ ነው እያልኩ ሐምሌ ላይ ያቀድኩት ሁሉ ለዓመታት ከሽፎብኛል፤ በመጨረሻ ድርሻዬን በሰኔና በሐምሌ ወደ ሦስት ገጽ ዝቅ አድርጌ ተገላገልኩ። የጀመራችሁት መጽሐፍ ስድሳ ሰባ ገጽ ሄዳችሁም ካልያዛችሁ፣ የማይሰበሰብ ዕዳ እንደሚሰረዝ ሰርዙት። በስልካችሁ በቴሌግራም የምታከማቹትን ፒዲኤፍ በተመለከተ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ ሽያጭ ሆኖ እንደማይመዘገብ አስታውሳችሁ አልፋለሁ።

ደብተር ያዙ፤ ነገር ግን የእኔን የቀድሞ ደብተር ዓይነት አይሁን። ከርእሱ ጎን መጽሐፉን ዘግታችሁ፣ ሳታዩ፣ በውስጣችሁ የቀረውን ነገር በሁለት ወይም በሦስት መስመር ጻፉ። ምንም ካልመጣላችሁ «ምንም» ብላችሁ ጻፉ፤ እሱም ሒሳብ ነው።

እኔ ሒሳቤን የምዘጋው በጳጉሜን ነው። በእነዚያ አምስት ቀናት፣ በየአራት ዓመቱም በስድስቱ፣ አዲስ መጽሐፍ አልጀምርም፤ የዓመቱን ደብተር እየገለጥኩ በእያንዳንዱ ርእስ ላይ የጻፍኩትን ከማስታውሰው ጋር አስታርቃለሁ። ዓይኔ ስለደከመ ድርሻዬን ወደ አምስት ገጽ አውርጄዋለሁ። ባለፈው ጳጉሜን መዝገቤ ላይ የነበሩት አራት መጻሕፍት ብቻ ሲሆኑ፣ ከአራቱ አንዱ ያ ተራ ቁጥር 31 ነው።