ከጥይት ቀለህ የሚፈሰው መስቀል ቀዳዳ ቀዳዳ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ከላሊበላ የጠየቅከን ወንድማችን፣ አብሽር፣ የሚስተካከል ነገር ነው። «ከቀለህ አቅልጬ የማፈሰው መስቀል ሲሞረድ ቀዳዳ ይወጣዋል፣ ሲቀልጥም ነጭ ጭስ ይበዛል» ብለሃል። መጀመሪያ ቀዳዳውን በደንብ እየው። ክብና ውስጡ ለስላሳ ከሆነ የታፈነ አየር ወይም እንፋሎት ነው። ሻካራ ሆኖ ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ በተለይ ክንዱ ከግንዱ በሚገናኝበት ከተሰበሰበ ግን ከቀለሁ የቀለጠው ናስ ሲረጋ ስለሚኮማተር የጎደለው ነው። መድኃኒታቸው ይለያያል።

ከእሳቱ በፊት ግን ቀለሁን ለይ። የክላሽ ቀለህ አብዛኛው ብረት ነው። ላዩ አረንጓዴ ተቀብቶ ወይም በስስ መዳብ ተለብጦ ዓይን ያታልላል። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት አስጠጋው፣ የተሳበውን ሁሉ አውጣ። ብረቱ ናስ በሚያቀልጥ እሳት ስለማይቀልጥ ሞረድ የማይበላው ጓል ሆኖ መስቀሉ ውስጥ ይቀራል።

ቀጥሎ ቂጡ ላይ ያለችውን ትንሽ ክብ ቆብ አንድ በአንድ እይ። መርፌ የመታው ጎድጓዳ ምልክት ከሌላት፣ ወይም አፉ ላይ አረሩ ካለ፣ እሳት አጠገብ አታድርሰው፤ ለመፍታትም አትሞክር፣ ለፖሊስ አስረክብ። ልጆች ከማሳ የለቀሙትንም አትግዛ። ያልፈነዳ ነገር አብረው ሊያነሱ ይችላሉና ይህን ሁላችንም እንጠብቅ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ማቅለጫው ውስጥ እንዲገባ ብሎ ቀለሁን ሳያጥብ በመዶሻ ይደፈጥጠዋል። አፉ ሲዘጋ ጭቃና ውኃ ውስጡ ይታፈናል፣ እሳት ሲነካው በአንዴ እንፋሎት ሆኖ የቀለጠውን ናስ ፊት ላይ ይረጨዋል። መጀመሪያ በሙቅ ውኃና በሎሚ ጭማቂ 30 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፈህ እጠብ፣ አለቅልቅ፣ በጋለ ቆርቆሮ ላይ አድርቅ፣ ከዚያ በኋላ ደፍጥጥ። ጥላሸቱ ውስጥ ከቆቧ የወጣ እርሳስ ስላለ የምግብ ዕቃ አትጠቀም። ውኃውንም ጓሮ አትክልት ላይ አትድፋ።

ነጩ ጭስ ከናሱ የተነነ ዚንክ ተቃጥሎ የሚወጣ ነው። የጥይት ናስ በአብዛኛው 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። ሙሉ በሙሉ የሚቀልጠው 955 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ዚንክ ለብቻው ግን በ907 ይፈላል። ስለዚህ ወናፉን ባበዛህ ቁጥር ዚንኩ ይሸሻል፣ ናሱ ወደ ቀይ ቀለም ይሄዳል፣ ይወፍራል፣ ቀጫጭኑን ጌጥ አይሞላም። ላዩ ነጭ ነበልባል መትፋት ከጀመረ አልፎበታል። ጥቂቱን አስቀድመህ አቅልጥና ሌላውን እያሞቅህ ጨምር። ላዩን በደረቅ የተፈጨ ጠርሙስና በቁንጥር ቦራክስ ሸፍነው። ሊፈስ ሲል ለ1 ኪሎ ናስ ከ10 እስከ 20 ግራም የሞቀ ዚንክ በጉጠት ወደ ታች አስጥመህ አማስል፣ ላዩ የሰፈፈውን ቆሻሻ ጠርገህ ወዲያው አፍስስ፤ አታቆየው።

ጭሱን አትሳብ። ደጅ፣ ነፋስን ከጀርባህ አድርገህ ሥራ። የሳበው ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፤ ብዙ ጊዜ በ1 ወይም 2 ቀን ይለቀዋል። ወተት መጠጣት አይከላከለውም።

ወደ ቀዳዳው እንመለስ። ክብ ከሆነ የጭቃ ሞልድህ አልደረቀም ማለት ነው። ደሴም ሆነ ላሊበላ በሐምሌና ነሐሴ ጥላ ሥር ያደረ ጭቃ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ነው። የመስቀሉን ቅርጽ የሠራህበት ሰም ከጭቃው ውስጥ ቀልጦ ከፈሰሰ በኋላ ሞልዱን ፍም እስኪመስል አግለው፣ እንደጋለም አፍስስበት። ሻካራ ከሆነ ደግሞ ማፍሰሻውን አንገት ከመስቀሉ ወፍራም ቦታ ይበልጥ አወፍረው፣ ወፍራሙም ቦታ ላይ አግጥመው። አንገቱ መጨረሻ መርጋት አለበት፣ መስቀሉ ሲኮማተር የጎደለውን የሚሞላለት ከዚያ ነውና። መሙላቱን የምታውቀው አንገቱ ሲረጋ መሐሉ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ ነው።