«አባባ ከቤት አልወጣ አለን» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ሰሞን ከድሬዳዋና ከሐረር የጻፋችሁልኝ አብዛኞቻችሁ ስለ ግፊት፣ ስለ ወባ ወይም ስለ ድብርት ጀምራችሁ ስለ ሰው ማጣት ጨርሳችኋል። እኔም ሁለቱን አልነጣጠልኳቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት የማኅበራዊ ትስስር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰው አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ፣ በዓመት 871 ሺህ ገደማ ሞትም ከዚሁ ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ብቸኝነት ለስትሮክ፣ ለልብ ሕመምና ለስኳር ያጋልጣል።

ጥያቄ፦ አባባ ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ወርክሾፕ የሠራ ሰው ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ከቤት አልወጣ አለን። ከዚራ ሰፈር ያሉት ጓደኞቹ ሲጠሩት «ደክሞኛል» ይላል። የግፊት መድኃኒቱንም ይረሳል። (ሴት ልጁ፣ ከለገሃሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ አባባን እየጋበዛችኋቸው ይመስለኛል። «ና ተጫወት፣ ና ነፋስ ተቀበል» የሚል ግብዣ ሐዘን የያዘውን ሰው አያስነሳም፤ ይባስ ብሎ ሸክም የሆነባችሁ ይመስለዋል። ሰው የሚነሳው ሲፈለግ ነው። እናንተ ቤት የዕድሜ ልክ የብረት ባለሙያ ተቀምጧል፤ ሰፈሩ ደግሞ በተበላሸ ዕቃ ተሞልቷል። የጎረቤት የልብስ ስፌት መኪና አልሰፋ ይላል፣ የበር ማጠፊያ ይለቃል፣ የልጆች ብስክሌት ሰንሰለት ይወልቃል። አንዱን አምጡላቸውና «አባባ፣ ይቺን ማንም አልቻላትም» በሏቸው። ግን የእውነት ያልተቻለ ነገር ይሁን፤ ለማስመሰል ካደረጋችሁት ወዲያው ይነቁባችኋል። ዘይት ጠብ አድርገው፣ መዘውሩን ቀስ ብለው አዙረው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ሲያዳምጡ ታዩአቸዋላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ዕቃው ወደ እሳቸው አይምጣ፣ እሳቸው ወደ ዕቃው ይሂዱ። ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ የባለ ዕቃው ልጅ መጥቶ ይዟቸው ይሂድ።

መድኃኒቱንም ከሰው ጋር አያይዙት። ጠዋት ለቡና የምትመጣ ጎረቤት ካለች «አባባ፣ ዋጡ ወይ?» ብላ እንድትጠይቅ አደራ በሏት። ከልጅ ይልቅ ጎረቤትን እሺ ይላሉ። ምግብና እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም «ምነው በተከተልኳት» የሚል ቃል ከአፋቸው ከወጣ ግን ሐዘን ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።

ጥያቄ፦ ጫት ማቆም እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ በሙሉ ግን በርጫ ላይ ናቸው። ጫቱን ስተው ሰውም ላጣ ነው? (የ27 ዓመት ወጣት፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ተው» የሚሉህ ሰዎች ይህን ጥያቄህን አይሰሙልህም። በርጫው ላይ የሥራ ወሬ ይገኛል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ለታመመ ገንዘብ ይዋጣል። ይህን ሁሉ ጥለህ ክፍልህ ውስጥ ብቻህን ብትቀመጥ ሳምንት ሳይሞላህ ትመለሳለህ። ሰዓቱን ተው እንጂ ሰዎቹን አትተው። ለሁሉም አታውጅ። ከመካከላቸው እሱም የሰለቸው አንድ ሰው አይጠፋም፤ እሱን ለብቻው ያዝና «ብቻዬን አልወጣውም፣ አግዘኝ» በለው። የከሰዓቱን ባዶ ጊዜ እጅ በሚይዝ ነገር ሙሉት፤ ሥራም ይሁን ኳስ። ሌሎቹን ማለዳ ፉል ቤት አግኛቸው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም፣ ቅዠትና ድብርት አላቸው፤ ያልፋሉ። ድምፅ የሚሰማህ ወይም ሰው የሚከታተልህ ከመሰለህ ግን ሐኪም ሳታማክር አትቆይ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ውጭ አገር ናቸው፤ በየቀኑ በቪዲዮ ይደውላሉ። አይበቃኝም? (እናት፣ ሐረር)

መልስ፦ እማማ፣ ይደውሉልዎት፤ ትልቅ ነገር ነው። ሌሊት ቢያምዎት ግን የሚደርስልዎት ጎረቤት ነው። የቤትዎን ትርፍ ቁልፍ ለሚያምኗት አንዲት ጎረቤት ይስጡ፤ የእሷም ስልክ ቁጥር ልጆችዎ ጋ ይኑር።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሥራ ተዛውሮ ከአዲስ አበባ መጣን። ከወለድኩ ሁለት ወሬ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ማንንም አላውቅም፤ ቀኑን ሙሉ አለቅሳለሁ። (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ሆደ ባሻነት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ይቀላል። ያንቺ ቆይቷል፤ ይህ ደግሞ መድኃኒት ያለው ሕመም ነው እንጂ የእናትነት ጉድለት አይደለም። የልጅሽ የአሥር ሳምንት ክትባት እየደረሰ ነው፤ እሱን ግን አትጠብቂ፣ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደሽ «እኔም አሞኛል» በያቸው። ራስሽን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ለባለቤትሽ ንገሪውና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ።

ለሰውም መላ አለ። ከጎንሽ ካለው ቤት ረከቦት ተበደሪ። ያበደረ ሰው መልሶ ይጠይቅሻል፤ የድሬ ሰው ደግሞ አራስ ቤት ባዶ እጁን አይገባም። ሁለት ወር አለፈ ብለሽ የማርያምን ገንፎ አትተይው፤ ይገንፋልሽ፣ ጎረቤትም ይጠራ።

ጥያቄ፦ ግቢያችን የጋራ ነው። ጎረቤቴ የውሃ በርሜሏን አትከድንም፤ ስነግራት «በውሃዬ ምን አገባሽ?» አለችኝ። ባለፈው ሦስታችንን ወባ ይዞን ነበር። (ገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ያገባሻል። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወራት ወባ ሲነሳ ተመራማሪዎች ያገኙት አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለውን ትንኝ ነው። ከደቡብ እስያና ከዓረብ ምድር የመጣች ናት፤ ረግረግ አትጠብቅም፣ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። በ2019 ከተማውን አልጋ ላይ ያዋለው፣ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያመጣው የቺኩንጉንያ በሽታ ትንኝም የሚፈለፈለው በተጠራቀመ የቤት ውሃ ውስጥ ነው። ቧንቧ በተራ በሚመጣበት ሰፈር «ውሃ አታጠራቅሙ» ማለት አይቻልም፤ መክደንና ማጠብ ግን ይቻላል።

ስለ እሷ በርሜል ዳግመኛ አታንሺ። ቅዳሜ ጠዋት «የኔን ላጥበው ነው፣ ከብዶኛል፣ እስቲ እጅሽን አበድሪኝ» በያት። አብራችሁ ገልብጡት፤ ከሥሩ ሲገላበጡ የሚታዩትን ትሎች በዓይኗ ትይ። ዙሪያውን በብሩሽ ፈትጉት፣ የቺኩንጉንያዋ ትንኝ እንቁላል እዚያ ይጣበቃል። ከዚያ የእሷን አንቺ ታግዣታለሽ። በየሳምንቱ ይደገም፤ ትንኟ ለማደግ ብዙ ቀን አትፈልግም።

ጥያቄ፦ እድራችን የሚታወሰው ሰው ሲሞት ነው። በሕይወት ላለነው እንዲጠቅም ምን ይደረግ? (የእድር ጸሐፊ፣ ሐረር)

መልስ፦ እዚያው ከተማህ ያሉ ሐረሪዎች አፎቻ የሚሉት የመረዳጃ ማኅበራቸው የሐዘን ብቻ አይደለም፤ ወንዶቹም ሴቶቹም በየራሳቸው አፎቻ ለሠርግም ይሰበሰባሉ። በደስታ የተገናኘ ሰው ሲታመም አይረሳም። በወርሃዊ መዋጮ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋብዙና ግፊታችሁን ትለካ። ለፋፊያችሁ የእያንዳንዱን አባል በር ያውቃል፤ አበል ጨምሩለትና በሳምንት አንድ ቀን ብቻቸውን የሚኖሩትን ያንኳኳ፣ ያየውን ላንተ ይንገርህ። አቅም ለሌላቸው አባላት የጤና መድን መዋጮውን ከካዝናችሁ መሸፈን ይቻላል፤ ለዚህ ግን መተዳደሪያ ደንቡ በጠቅላላ ጉባኤ መሻሻል አለበት። ከጉባኤው በፊት ገንዘብ ያዡንና የሴቶቹን ተጠሪ አናግራቸው።