ጨረሩ ለምን መጀመሪያ ፕላስቲክ ላይ ይሞከራል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከሐይቅ ነው። አባባ ሳንባቸው ላይ፣ በቀኝ በኩል ታች፣ ትንሽ ዕጢ ተገኘባቸው። ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ። ልባቸው ደካማ ስለሆነ ቀዶ ጥገና አይሆንላቸውም ተባለ። ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ከወንድሜ ጋር ህንድ ላክናቸው። እዚያ «ጨረሩ 5 ጊዜ ብቻ ነው» አሏቸው። ሲቲ ስካን ከተነሡ ሳምንት አልፏል፣ ጨረሩ ግን አልተጀመረም። ወንድሜ ሲጠይቅ «ፕላኑ መጀመሪያ ፕላስቲክ ላይ ይሞከራል» አሉት። የቤት ኪራዩ በየቀኑ ይቆጥራል። እያጉላሏቸው ይሆን? 5 ጊዜስ ይበቃል? ጎረቤታችን 30 ጊዜ ነው የወሰዱት።
ጨነቀኝ፣ ከሐይቅ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። በቅድሚያ፣ ዶክተር አይደለሁም። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ የጨረር ፊዚክስ ነው። ምን ያህል ጨረር የት እንደሚገባ የሚያዘው ሐኪሙ ነው። ትዕዛዙ በትክክል መድረሱን የምንለካው እኛ ነን። ያ ፕላስቲክ የእኔ ቢጤ ሰው ሥራ ነውና ትንሽ ባዳላለት አትፍረጂብኝ።

በተለመደው አሰጣጥ ለሳንባ ካንሰር 60 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር በ30 ጊዜ ይሰጣል፤ በአንዴ 2 ግሬይ። ለትንሽ ዕጢ በሚሰጠው አነጣጣሪ ጨረር ግን ለምሳሌ 50 ግሬይ በ5 ጊዜ ያልቃል፤ በአንዴ 10። እያንዳንዱ ምት ከባድ ስለሆነ ዕጢው ላይ የሚያሳርፈው ጉዳት ከ30ው ይበልጣል። ስለዚህ አነሰ ብለሽ አትስጊ። የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ከ5 አንዱን መሳት የሕክምናውን አንድ አምስተኛ መሳት ነው።

የአባባ ዕጢ ደግሞ ያለው ታች፣ ከድያፍራም፣ ማለትም ደረትንና ሆድን ከሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ አጠገብ ነው። እዚያ ያለ ዕጢ ሰው በተነፈሰ ቁጥር፣ ሐይቃችሁ ላይ እንደቆመ ጀልባ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። አንዳንዱ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሲቲው እየተነፈሱ የሚነሣው። ኮምፒውተሩ ትንፋሹን አብዛኛውን ጊዜ 10 ቦታ ይከፍለዋል፤ ዕጢው የደረሰበት ሁሉ ተሰምሮ ዙሪያው ላይ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨመራል። ልብ፣ የምግብ ቧንቧ፣ የጎድን አጥንት፣ አከርካሪ፣ ሁሉም ለየብቻ ይሰመራል። ይህ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ሂሳቡም አስቸጋሪ ነው። ሳንባ አብዛኛው አየር ስለሆነ ጨረር ውስጡ እንደ ሥጋ አይሄድም። ቀለል ያለ የሂሳብ ዘዴ ከተጠቀሙ ኮምፒውተሩ «ደርሷል» የሚለው መጠን በእውነት አልደረሰም። እኔ በኮምፒውተር ስክሪን ብቻ አላምንም። ፕላስቲኩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በውስጡ የጨረር መለኪያዎች አሉት። የአባባ ፕላን፣ ማለትም የተሰላው የጨረር ዕቅዳቸው፣ እንዳለ፣ ማሽኑ እየዞረ፣ እሱ ላይ ይተኮሳል። ከዚያ የተለካው ከተሰላው ጋር ይነጻጸራል። የተለመደው መመዘኛ በመጠን የ3 ከመቶ፣ በቦታ የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው፤ ከመለኪያ ነጥቦቹ ቢያንስ 95 ከመቶው ማለፍ አለባቸው። ካላለፈ ምክንያቱ ይፈለጋል። አባባ አልጋው ላይ ሆነው ከሚፈለግ አሁን ቢፈለግ ይሻላል። በየሕክምናው ዕለትም እዚያው ማሽኑ ላይ ሲቲ ተነሥቶ ዕጢው ቦታው ላይ መሆኑ ሳይታይ አይተኮስም።

ከእናንተ የሚጠበቅ ሁለት ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚተኛው። አባባ ትከሻቸውን የሚያማቸው ከሆነ ወንድምሽ ዛሬውኑ ይንገራቸው፤ ችለው ተኝተው መሀል ላይ ከሚነቃነቁ አተኛኘታቸው ቢቀየርና ሲቲው ቢደገም ይሻላል። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። «ቀስ ብለው ይተንፍሱ»፣ «ትንፋሽዎን ይያዙ» የሚለውን አባባ በማያውቁት ቋንቋ ድንገት ቢሰሙ ደንግጠው ያለከልካሉ፤ ያኔ ዕጢው ከተሰመረለት ቦታ ይወጣል። ወንድምሽ ትእዛዞቹን ጠይቆ በአማርኛ ስልኩ ላይ ይቅዳቸውና ማታ ማታ ያለማምዳቸው። ባለሙያዎቹ ከፈቀዱም ክፍሉ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ይለቀቅላቸው። የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ይረጋጋሉ።

ከሲቲው እስከ መጀመሪያው ጨረር ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢፈጅ እኔ አልደነግጥም፤ የኪራዩ ነገር ግን ይገባኛል። ወር ካለፈ ወንድምሽ ዝም አይበል። ዕጢ ያድጋል፣ የተሰመረው ሥዕልም ያረጃል። «አዲስ ሲቲ አያስፈልግም ወይ?» ብሎ በግልጽ ይጠይቃቸው።