«በሞቴ፣ ገላግይኝ» ሲሉኝ ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሆስፒታል የምሠራ ነርስ ነኝ። የጉሮሮ ካንሰር ያለባቸው አንድ የመንዝ አባት ዋርዳችን ተኝተዋል። አዳር ተረኛ በሆንኩ ቁጥር እጄን ይዘው «ልጄ፣ በሞቴ፣ አንዲት መርፌ ወግተሽ ገላግይኝ» ይሉኛል። ጋቢያቸውን አስተካክዬ ዝም ብዬ እወጣለሁ። ባልደረቦቼ ግማሹ «እውነታቸውን ነው» ይላል፣ ግማሹ «ስሙንም አትጥሪው» ይለኛል። ውጭ አገር ይፈቀዳል ሲባል እሰማለሁ። ለመሆኑ የጤና ባለሙያው ራሱ ምን ይላል?

መልስ፦ ሲስተር፣ ሕጉን ልንገርሽና እንለፈው። እኛ ጋ አይፈቀድም። መርፌውን አንቺ ከወጋሽ ሰው መግደል ነው። ራሱን እንዲያጠፋ ከረዳሽውና ከሞተ ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 አለ፤ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ለምነውኝ ነው ብትዪ አያድንሽም። የማይጠቅም ሕክምና ቆሞ ታማሚው ወደ ቤቱ ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ሲሄድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ አታምታቺው።

ውጭ የሰማሽው እውነት ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኔዘርላንድስና ቤልጂየም በ2002፣ ካናዳ በ2016 ፈቅደዋል። ባለሙያው ግን እዚያም አልተስማማም። የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር በ2020 አባላቱን ሲጠይቅ፣ ታማሚው ራሱ የሚወስደውን መድኃኒት ሐኪም እንዲያዝ የሚፈቅድ ሕግ ማኅበሩ ይደግፍ ያሉት 40 በመቶ፣ ይቃወም ያሉት 33 በመቶ ነበሩ። ሐኪሙ በገዛ እጁ ይስጥ ወይ ሲባል ነገሩ ተገለበጠ፤ 30 ደገፉ፣ 40 ተቃወሙ። አየሽ፣ መርፌው እጅ ላይ ሲመጣ ሐሳብ ይለወጣል። ከሁሉ አጥብቀው የተቃወሙት ደግሞ የማስታገሻ ሕክምና ሐኪሞች ናቸው፣ ሞት አጠገብ የሚውሉት።

«እውነታቸውን ነው» የሚለውን ባልደረባሽን አልፈርድበትም። እኔም ነርስ ሳለሁ ብዬዋለሁ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ለ30 ሰው ሁለት ሆነን። አሁን ሳስበው የታካሚው ስቃይ ብቻ አልነበረም ያናገረኝ፣ እኔም ደክሞኝ ነበር።

ደግሞ ሞርፊን፣ ያን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ፣ እንፈራለን። ሱስ ያስይዛል፣ ትንፋሽ ያቆማል እያልን በካንሰር ለሚጮህ ሰው ዲክሎፌናክ፣ ከሞርፊን የሚያንሰውን ተራ ማስታገሻ፣ ወግተን እንሄዳለን! በልኩ ከተጀመረና ቀስ እየተባለ ከተጨመረ አይገድልም። የሚጠጣው ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፣ ክኒን መዋጥ ላቃተው ጉሮሮም ይመቻል። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻው አብሮ ይጀመር።

ለእኚህ አባት ግን መጀመሪያ ቁጭ በዪላቸው። «በሞቴ» እኮ ጉርሻ ስንጨምር የምንባባለው ቃል ነው፣ ዝም ብለሽ የምትወጪበት አይደለም። «አባባ፣ የቱ ነው የባሰብዎ?» በያቸው። እኔን እንዲሁ የለመኑኝ አንድ አባት ነበሩ፤ ሕመሙ መስሎኝ ስጠይቃቸው «ልጄ ሁለተኛውን በሬ ሊሸጥ ነው» አሉኝ። ልጁን ጠርተን ሦስታችን ተነጋገርን፣ መድኃኒታቸውን ይዘው ቤታቸው ገቡ።

ነገ ራውንድ ላይ የሕመም ነጥባቸውን ከ10 ስንት እንደሆነ ጽፈሽ ለሐኪሙ አሳዪው። ሞርፊኑ ፋርማሲያችሁ ከሌለ የት እንደሚገኝ ዛሬውኑ ደውለሽ አጣሪ፣ የሚቀጥለው አዳርሽ ሳይደርስ።