ስለ ጠፉ መርከቦችና ስለ ድሮ ጋዜጦች፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጠፉ መርከቦች የድሮ ጋዜጦች የጻፉትን መከታተል ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ በተለይ ዋራታህ ስለተባለችው። ጠይቁኝ። ግን ጥያቄያችሁ የመርከብ ስምና ዓመት ይኑረው። ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቀበና፦ ጋሼ፣ ዋራታህ ምን ሆነች? ባጭሩ።

መልስ፦ ባጭሩ አይሆንም። ከአውስትራሊያ ወደ ለንደን የምትመለስ አዲስ መርከብ ነበረች፤ ገና ሁለተኛ ጉዞዋ። ጁላይ 26 ቀን 1909 ከደርባን ወደ ኬፕታውን ተነሳች። 211 ሰው አሳፍራለች። በማግስቱ ክላን ማኪንታየር የተባለች መርከብ አግኝታት ምልክት ተለዋወጡ። ከዚያ የውሃ ሽታ ሆነች። ሬዲዮ አልነበራትም።

አሁን ጋዜጦቹን ቀን በቀን ተከተሉ። በ29 ኬፕታውን መግባት ነበረባት፤ አልገባችም። መጀመሪያ ብዙም ድንጋጤ የለም። ሞተሯ ተበላሽቶ እየተንሳፈፈች ይሆናል ተባለ። ይህ ደግሞ ባዶ ተስፋ አልነበረም። በ1899 ዋይካቶ የተባለች መርከብ ሞተሯ ተሰብሮ ከሦስት ወር በላይ ተንሳፍፋ በሰላም ተገኝታለች። የተሳፋሪ ዘመዶች በእሷ ነበር የሚጽናኑት።

ኦገስት 10 አንድ ቴሌግራም አውስትራሊያ ደረሰ። የዋራታህ ባለቤት ኩባንያ የሆነች መርከብ ከሩቅ ታይታለች፣ ቀስ እያለች ወደ ደርባን እየመጣች ነው፣ ዋራታህ ልትሆን ትችላለች ይላል። «ልትሆን ትችላለች» ነው ያለው። የአውስትራሊያ ፓርላማ ስብሰባውን አቋርጦ ቴሌግራሙን አነበበ። አደሌድ ከተማ ደወል ተደወለ። መርከቧ ግን ሌላ ነበረች። የዚያን ቀን ዘገባ ብቻ ያነበበ ሰው ዋራታህ ተርፋለች ብሎ ይምላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያ ቀን ዘገባ አትመኑ የምለው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ታዲያ ቤተሰቦቻቸው ቁርጣቸውን ያወቁት መቼ ነው? አስከሬን የለ፣ ስባሪ የለ። እንዴት ለቅሶ ይቀመጣሉ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እግዜር ይስጥሽ። ለንደን ውስጥ ሎይድስ የሚባል የመድን ገበያ አለ። በዚያ ዘመን መርከብ ሲዘገይ መጀመሪያ «የዘገየች» ይላታል። ያኔ መድን ሰጪዎች ሊደርስባቸው የሚችለውን ኪሳራ ከፍለው ለሌላ መድን ሰጪ ለማስተላለፍ ይሯሯጣሉ፤ የሚከፍሉት ዋጋም በየቀኑ ይንራል። ተስፋ ሲቆረጥ «የጠፋች» ተብላ ትለጠፋለች። ዋራታህ የተለጠፈችው ዲሴምበር 15 ቀን 1909 ነው። ለቤተሰቡ መርዶው ይህ ነው። ካሳው የሚከፈለው፣ ውርሱም የሚጀመረው ከዚህ ወዲያ ነው። በጋዜጣው ላይ ግን በደቃቅ ፊደል፣ ከእህልና ከሱፍ ዋጋ ጎን ታገኙታላችሁ። ትልልቁን ርዕስ ትታችሁ የመርከቦች መግቢያና መውጫ ዓምድ ላይ ተቀመጡ። እውነቱ ያለው እዚያ ነው።

ገርጂ፦ የቤርሙዳ ትሪያንግልስ?

መልስ፦ የመርከብ ስም? ዓመት?

ደብረ ዘይት፦ ሜሪ ሴለስት የተባለችው መርከብ ሰው አልባ ሆና ስትገኝ ሻዩ ገና ትኩስ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ያ ከልብ ወለድ የመጣ ነው። እውነቱ፦ አልኮል ጭና ከኒውዮርክ ወደ ጄኖዋ ስትሄድ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1872 ሰው አልባ ሆና ተገኘች። የነፍስ አድን ጀልባዋም አብሯት አልነበረም። ካፒቴኑ ከሚስቱና ከሁለት ዓመት ልጁ ጋር ነበር። አሥሩም ሰዎች አልተገኙም።

ሃይፋ፦ 5 ነው እንጂ 4 አይደለም። እኔ ያነበብኩት 5 ይላል።

ደብረ ዘይት፦ ሁሉም ቦታ 4 ነው የሚለው ወንድሜ።

ሃይፋ፦ ከመርከቡ መዝገብ የተወሰደ ነው እያልኩህ!

ገርጂ፦ የእኛን አቆጣጠር ቀላቅላችሁት እንዳይሆን። የእኛ ሰዓት ከጠዋት ነው የሚጀምረው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የዚያ ዘመን መርከበኛ ቀኑን የሚጀምረው ከቀትር ነው። ከሰዓት በኋላ በየብስ 4 ከሆነ፣ በመርከብ መዝገብ 5 ሆኗል። መርከቧ የታየችው ደግሞ ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ ቀን ስትጠቅሱ የየብስ ነው የባሕር? ድርጊቱ የሆነበት ነው ጋዜጣው የታተመበት? ይህን ሳትለዩ አትከራከሩ። አሁን ወደ መርከቦቹ።

አዳማ፦ የእኛ ባሕር ኃይል መርከቦችስ?

መልስ፦ «ኢትዮጵያ» የተባለችው በ1991 ወደ የመን ሄዳ በኋላ ለብረት ተሸጠች። የት እንደደረሰች የታወቀ መርከብ የጠፋች አትባልም። ሌላ ርዕስ ነው።

ቀበና፦ ዋራታህ ላይ ህልም አይቶ የወረደ ሰውዬ ነበር ይባላል።

መልስ፦ ክሎድ ሶየር። ደርባን ላይ ወርዶ ቀረ። ጋዜጦቹ ህልሙን አራገቡት፤ ሰይፍ የያዘ ሰው ሦስት ጊዜ ታየኝ ብሏል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የተረሳው ክፍል ነው። ሰውዬው ኢንጂነር ነው። መርከቧ ስታጋድል ቶሎ እንደማትቀና አስተውሏል። ገላውን ሲታጠብ የገንዳው ውሃ ወደ አንድ ጎን ዘምሞ ይቆይ እንደነበር ለአጣሪዎች ተናግሯል። ለሚስቱም መርከቧ ከላይ ስለከበደችው መውረዱን በቴሌግራም አሳወቃት። ህልሙን ተዉትና ገንዳውን ያዙ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ የመርከበኞቹ ደመወዝስ?

መልስ፦ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ መርከብ ከሰጠመችበት ቀን ጀምሮ ደመወዝ ይቆማል። ከታይታኒክ የተረፉት ሠራተኞችም በዚሁ ሕግ ነው የታሰቡት። ባሏ የሞተባት ሴት ሳምንቱን በምን ትገፋዋለች? ይህን የሚነግራችሁ የፊት ገጹ ሳይሆን የእርዳታ ማሰባሰቢያው ዓምድ ነው። እዚያ ሽልንግ በሽልንግ ተቆጥሮ ታገኙታላችሁ።

ገርጂ፦ ታይታኒክ ካነሳህ አይቀር፣ ጋዜጦች ሁሉም ተርፈዋል ብለው ነበር አይደል?

መልስ፦ አዎ፤ አንድ የኒውዮርክ የማታ ጋዜጣ ኤፕሪል 15 ቀን 1912 እንደዚያ ብሎ አወጣ። የሬዲዮ መልእክቶች ተደበላልቀው ነው። የመጀመሪያ ቀን ዘገባ አትመኑ ብያለሁ። ስንት ጊዜ ልበል?

አዳማ፦ ዋራታህ ተገኘች የሚል ቪዲዮ አይቻለሁ።

መልስ፦ በ1999 ተገኘች ተብሎ ነበር። ሲጠልቁ ናይልሲ ሜዶው የተባለች የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጭነት መርከብ ሆና ተገኘች። ዋራታህ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ራሳችሁ ማንበብ ከፈለጋችሁ፣ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ጋዜጦቹ በነፃ አሉ። ጋዜጦቹን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ማሽን ግን የደበዘዘ ፊደል አሳስቶ ያነባል። በመርከቧ ስም ካጣችሁ በካፒቴኑ ወይም በወደቡ ስም ፈልጉ፤ ከኦገስት 1909 ጀምሩ።