ኮምጣጣ አፈርና ኖራ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ በየዓመቱ ዩሪያ ብጨምርም ምርቱ እየወረደ ነው። አፈሩ ምን ነክቶት ነው?

መልስ፦ ሳይለካ ምን እንደነካው መናገር አይቻልም። ነገር ግን ዩሪያ ራሱ አፈር ያኮመጥጣል። ናይትሮጂኑ በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ይወጣል፤ ለ1 ኪሎ ናይትሮጂን የሚተርፈውን አሲድ ለማርከስ 1.8 ኪሎ ያህል ንጹሕ ኖራ (የተፈጨ የኖራ ድንጋይ) ሊያስፈልግ ይችላል። ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳዋል፤ ሥሩ አጥሮና ወፍሮ ይቀራል። ፎስፈረሱንም አሉሚኒየምና ብረት አስረው ይይዙታል። እዚህ ላይ ማዳበሪያ ማብዛት ሥሩ የማይደርስበትን ምግብ መከመር ነው።

ጥያቄ፦ ለ1 ሄክታር ስንት ኩንታል ኖራ ይበተን?

መልስ፦ ለሁሉም ማሳ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ፒኤች ብቻውንም መጠኑን አይነግራችሁም፤ ሁለቱም ፒኤች 5 የሆኑ አሸዋማና ሸክላማ ማሳዎች እኩል ኖራ አይፈልጉም፣ ሸክላው ብዙ አሲድ ቋጥሮ ይይዛልና። ላቦራቶሪው ተለዋዋጭ አሲዳማነትን (በአፈሩ ቅንጣቶች ላይ ተይዞ ሊለቀቅ የሚችለውን አሲድና አሉሚኒየም) እንዲለካላችሁ ጠይቁ። ውጤቱ በ1 ኪሎ አፈር 1 ሴንቲሞል (ላቦራቶሪው ውጤቱን የሚጽፍበት መለኪያ) ቢሆን፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ 1 ሜትር ኩብ አፈርም 1.2 ቶን ቢመዝን፣ ለሄክታሩ 1,200 ኪሎ ንጹሕ ኖራ ይወጣል። ኖራው ለአፈሩ ሁሉ እኩል ስለማይዳረስ በ1.5 አባዙት፤ 18 ኩንታል ይሆናል። ውጤቱ 2 ከሆነ 36። የያዛችሁት ኖራ ንጽሕናው 80 ከመቶ ከሆነ ደግሞ 18ቱን ለ0.8 አካፍሉ፤ 22.5 ኩንታል ነው።

ናሙናው ከተበላሸ ስሌቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ማሳውን እየተጠማዘዛችሁ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከላይ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ውሰዱ፤ በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ደባልቃችሁ ግማሽ ኪሎ ለዩ። ከፍግ ክምር፣ ከአጥር ጥግና ከዛፍ ሥር አትውሰዱ። ሳትለኩ አትበትኑ።

ጥያቄ፦ ኖራና ዩሪያ አንድ ላይ ብበትን ድካም አይቀንስልኝም?

መልስ፦ በፍጹም። ናይትሮጂኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ኖራው ከዘር 1 ወይም 2 ወር ይቅደም።

አንድ አባል፦ ኖራን ከላይ በትኖ መተው ይበቃል፤ ማረስ አፈሩን ይገድለዋል።

ሌላ አባል፦ ኖራ እኮ በቀላሉ አይሟሟም! የላይኛውን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ አስተካክሎ ይቀራል፤ ሥሩ ከታች ያው አሉሚኒየም ይጠብቀዋል።

አንድ አባል፦ ታዲያ በየዓመቱ ይገለበጥ ነው የምትለው?

ሌላ አባል፦ በየዓመቱ ማን አለ?

መልስ፦ ክርክሩ ይብቃ። አንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አዋሕዱት፤ ማረስ መቀነስ የፈለገ ከዚያ በኋላ ይቀንስ። ከሁሉ የሚበልጠው የኖራው መድቀቅ ነው። በ0.25 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈው ቶሎ ይሠራል፤ ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ለዓመታት ጠጠር ሆኖ ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ የእንጨት አመድስ?

መልስ፦ ይሠራል፣ ግን ጉልበቱ ከኖራ ያንሳል፤ ከአመድ አመድም ይለያያል። ከዩሪያ ጋር እሱንም አታገናኙ።

ጥያቄ፦ ለአረም የትኛው መድኃኒት ይሻላል?

መልስ፦ የእኔ ሙያ አይደለም።

ጥያቄ፦ ገለባ አፈር ውስጥ ቀብረን ዘራን፤ ቡቃያው ቢጫ ሆነ።

መልስ፦ ገለባ ካርቦኑ ብዙ፣ ናይትሮጂኑ ጥቂት ነው፤ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን የአፈሩን ናይትሮጂን ከቡቃያው ይሻማሉ። ከፍግ ጋር አስቀድማችሁ አብስሉት ወይም ከላይ ጉዝጓዝ አድርጋችሁ ተዉት።

ጥያቄ፦ ኖራ ቢበዛ ምን ይጎዳል?

መልስ፦ ዚንክ፣ ብረትና ማንጋኒዝ ለተክሉ አይገኙም፤ አዲሱ ቅጠል በጅማቶቹ መካከል ይገረጣል። የተበተነ ኖራ ደግሞ ተመልሶ አይለቀምም። ደግሜ እላለሁ፦ ሳትለኩ አትበትኑ።

ጥያቄ፦ ለግማሽ ሄክታርስ ስንት ይበቃል?

መልስ፦ ስሌቱን ከላይ ጽፌዋለሁ፤ ለሁለት አካፍሉት። የላቦራቶሪ ቁጥር የሌላችሁ መጀመሪያ ናሙናውን ላኩ።