ለትራያልስ የሚበረክት የኋላ ሞዞ በትንሽ ወጪ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ 26 ኢንች ትራያልስ ሳይክል (እግር መሬት ሳይነካ እንቅፋት ላይ የሚዘለልበት) አለኝ፣ በኋላ ጎማ ቆሜ ፔዳል ስረግጥ ሞዞው (የጎማው እምብርት) እየዘለለ እግሬን ይዞኝ ይወርዳል፣ ብዙ ማውጣት አልችልም ግን ሁለቴ መግዛትም አልፈልግም፣ 120 ክሊክ የሚል (በአንድ ዙር 120 ቦታ ላይ የሚይዝ ማለት ነው) ርካሽ ሞዞ አግኝቻለሁ ልግዛው ወይ ነው ያልከው። እኔ ብሆን አልገዛውም። ለምን የሚለው ግን ትንሽ ይረዝማል ታገሰኝ።

መጀመሪያ የሚዘለው ሞዞው ራሱ መሆኑን አረጋግጥ፣ ብዙ ሰው ሞዞ ቀይሮ ችግሩ እዛው ይጠብቀዋል ምክንያቱም ሲዘል የነበረው ካቴናው ነው። የኋላ ፍሬኑን ጨብጥ፣ ከሳይክሉ ጎን ቁም (አትውጣበት፣ ጥርስህን ትፈልገዋለህ) ከዛ ፔዳሉን በአንድ እግር በደንብ እየተጫንክ የኋላውን ኮሮና (ካቴናው የሚያርፍበትን ባለጥርስ) እየው። ካቴናው ጥርሱ ላይ ሽቅብ ከወጣ ወይ ካቴናው ተለጥጧል ወይ ኮሮናው አልቋል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ቀይርና ሞዞውን ተወው። ካቴናው በቦታው ቁጭ እንዳለ ኮሮናው ከዞረና ጎማው ንቅንቅ ካላለ ግን አዎ ሞዞው ነው።

እሱም ቢሆን ከመጣልህ በፊት ክፈተው። ውስጥ ያሉት ምላሶች፣ ፓውል የሚባሉት፣ በትንንሽ ሞላ ተገፍተው ነው የቀለበቱን ጥርስ የሚይዙት፣ ሰው ደግሞ የኩሽኔታ ወፍራም ግራሶ ይጠቀጥቅበትና ምላሱ ግራሶው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል ወይ ዘግይቶ ይነሳል፣ ግማሽ ጥርስ ብቻ ይዞ እያለ አንተ በሙሉ ክብደትህ ስትረግጠው በቃ ይንሸራተታል። በነጭ ጋዝ ወይ በናፍጣ እጠበውና ምላሶቹ ላይ ቀጭን ዘይት ጠብ አርግበት፣ ግራሶ ለኩሽኔታው ብቻ። እግረ መንገድህን አንዷን ምላስ አውጥተህ ብርሃን ላይ አዟዙረህ እያት፣ ጫፏ ላይ ቀጥ ያለ ሹል ጠርዝ ካለ ደህና ናት፣ ጠርዙ ዶልዱሞ የሚያብለጨልጭ መስመር ከሰራ ግን አልቆላታል። ግራሶውን በጣቶችህ መሀል ስታሸው ብናኝ ብረት የሚሻክርህ ከሆነም ቀለበቱ ራሱ እየተበላ ነው ማለት ነው፣ እሱን በዘይት አታድነውም።

አሁን ወደ ክሊኩ። ክሊክ ጥቅም የለውም እያልኩህ አይደለም። ፊት 22 ኋላ 18 ጥርስ ካለህ 24 ክሊክ ያለው ሞዞ እስኪይዝ ፔዳሉ እስከ 12 ዲግሪ በባዶ ይሄዳል፣ 72 ክሊክ ከሆነ 4 ዲግሪ ገደማ፣ 120 ደግሞ 2 ዲግሪ ተኩል። እና ከ24 ወደ 72 ስትሄድ 8 ዲግሪ አተረፍክ፣ ከ72 ወደ 120 ግን አንድ ዲግሪ ተኩል ብቻ ናት፣ ለሷ ስትል ምን እንደምትሰጥ ደግሞ ተመልከት። የቀለበቱ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 35 ሚሊሜትር ቢሆን ዙሪያው 110 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ለ120 ጥርስ ሲካፈል እያንዳንዷ 1 ሚሊሜትር እንኳን አትሞላም። ወይ ደግሞ ቀለበቱ 60 ጥርስ ይሆንና ምላሶቹ በተራ ነው የሚይዙት፣ ስድስት ምላስ አለው ተብሎ ባንድ ጊዜ የሚሸከሙት ሶስቱ ናቸው። ጥሩ ብረት ከሆነ ይችለዋል፣ ርካሹ ላይ ግን ብረቱ ምን እንደሆነ ማንም አይነግርህም። እኔም ስሙን የማልጠራው እንደዛ ያለ ነበረኝ፣ ድምፁ ልብ ይሰርቃል፣ ምላሶቹ ግን ክረምት ሳይደርስ ጫፋቸው ተቆራርሶ አገኘኋቸው።

ሞዞ የሚገድለው ክብደትህ ብቻ እንዳይመስልህ። የተራራ ሳይክል በትልቁ የኋላ ኮሮና ዳገት ሲወጣ እኮ ሞዞው ላይ የሚመጣው ጉልበት ቀላል አይደለም፣ ግን ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ትራያልስ ላይ እግርህ በባዶው ቦታ ፍጥነት ይዞ ነው የሚያርፈው፣ መዶሻ ወደኋላ ስቦ እንደመምታት፣ እሱም በየዝላዩ። ለዛ ነው ክሊክ እስከ ተወሰነ ድረስ ዕድሜ የሚጨምረው፣ ከዛ በላይ ግን የጥርሱ ጥልቀት ይበልጣል።

አክስሉ (በሞዞው መሀል የሚያልፈው ዘንግ) ደግሞ ማንም የማያየው ነገር ነው። አክስሉ ሲለመጥ ምላስ የተሸከመው ክፍል ያዘነብላል፣ አንዷ ምላስ ጠልቃ ትይዛለች ሌላዋ በጠርዝ ብቻ፣ ጭነቱ ሁሉ አንዷ ላይ። ስለዚህ ውስጡ ቀዳዳ የሆነውንና በማጠፊያ የሚታሰረውን ተወው፣ በብሎን ወይ በዳዶ የሚታሰር 10 ሚሊሜትር ጠንካራ ብረት ፈልግ። ኮሮናው የሚገባበት ክፍልም ብረት ቢሆን ይሻላል፣ አሉሚኒየም ከሆነ ቀጭን ነጠላ ኮሮና ጠርዙን እየነከሰ ይገባበታል፣ ቢያንስ መቀመጫው ሰፊ የሆነ ኮሮና ግዛ።

እና እኔ ብሆን የማደርገው፣ ክራንክህ (ፔዳሉ የሚታሰርበት) ቀኝ ክንዱ ላይ የፍሪዊል ጥርስ፣ ማለትም ምላሶቹ ውስጡ ያሉት ኮሮና እንደ ብሎን የሚጠመዘዝበት፣ ካለው (ብዙ የትራያልስ ክራንክ አለው) ፍሪዊሉን ፊት አስገባና ኋላ ምንም ምላስ የሌለው ሞዞ ግዛ፣ ኮሮናው በጥርስ የሚጠመዘዝበትን። እሱ ውስጥ ከኩሽኔታ በቀር የሚያልቅ ነገር የለም፣ ፍሪዊሉ ሲሞት ፈተህ ሌላ ትጠመዝዛለህ፣ ራጂ (የጎማውን ሽቦዎች) ፈትቶ ጎማ እንደገና መስራት የለም። ኮሮናውን ስታስገባ ጥርሱን ግራሶ ቀባው፣ በየረገጣው እየጠበቀ ስለሚሄድ ኋላ ሞርሳ ላይ አስረህም አትፈታውም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፣ እንዲህ ሲሆን ጎማው በዞረ ቁጥር ካቴናውም ይዞራል፣ ቁልቁል ስትሄድ ፔዳል ባትረግጥም። የሱሪህን ጫፍ እሰር፣ ስታጥበው ደግሞ ጎማውን እያዞርክ ጣትህን ወደ ካቴናው አታስጠጋ።

ክራንክ መቀየር በጀትህን ካፈረሰው ያገለገለ ጥሩ ሞዞ ከአዲስ ርካሽ ይሻላል። ሆፕ የሚባለው ኩባንያ ፕሮ 2 የመጀመሪያው 24 ክሊክ ነው፣ ፕሮ 2 ኢቮው 40፣ ፕሮ 4 ደግሞ 44፣ ፈጣን አይደሉም ግን ምላሱም ሞላውም ኩሽኔታውም ለብቻው ይሸጣል፣ ለኔ ይሄ ከቁጥሩ በላይ ነው። ክሪስ ኪንግ 72 ነው፣ ምላስ ሳይሆን ሁለት ባለጥርስ ቀለበት ሙሉ ለሙሉ ነው የሚገጥሙት፣ ድንቅ ነው ግን ያገለገለውም ውድ ነው። ዲቲ ስዊስም በዛው መንገድ የሚሰራ አለው፣ 18 ጥርሱን ካገኘህ ቀለበቶቹን በ36 ቀይራቸው። ያገለገለ ስታይ የራጂ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ አትንካው፣ አክስሉን አውጥተህ መስታወት ላይ አንከባለው፣ ከዘለለ ጎብጧል።

ከመግዛትህ በፊት ግን የኋላ ሹካህን ውስጥ ለውስጥ ለካ፣ 26 ላይ አብዛኛው 135 ሚሊሜትር ነው፣ 20 ኢንቾቹ ግን 116 ስለሚሆኑ ያገለገለ ሲሸጥ ይደባለቃል። የቸርኬህን ቀዳዳም ቁጠር፣ 32 ነው 36? እሱንና የቀኝ ክራንክህን ፎቶ ላክልኝ፣ ፍሪዊል ይቀበል አይቀበል አይቼ እነግርሃለሁ።